በግራፊክስ ታብሌት ሥዕል መሣልን ስለ መማር፤ በገሳይ አካባቢ ከተሠራ ሥራ የተገኘ አስተያየት

ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። የጉና ራስ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል በክረምት ጭጋጉ ከቀትር በኋላ ይወርድና ቀኑ ሳይመሽ ይጨልማል። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱን ግድግዳ የሚያለብሱ ሥዕሎች አሉ። ሥዕሎቹ በቀድሞው ልማድ በአቡጀዲ ላይ ተሥለው በኋላ ከግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጣራው ያፈስስ በነበረባቸው ዓመታት ጨርቁ እርጥበት ጠጥቶ ከግድግዳው እየተላቀቀ፣ ቀለሙም እየረገፈ ስለ ሄደ፣ የሰበካው ሽማግሌዎች ግድግዳውን አስጠግነው በአዲስ ሥዕል ለማስለበስ ቈርጠዋል።

አሮጌው ሥዕል ከመነሣቱ በፊት መስመሩ ተገልብጦ እንዲቀር እኔና አንድ ጓደኛዬ ፈቃድ ጠየቅን፤ ተፈቀደልንም። ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃ እንደሆነ የጠየቁን ሰዎች ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሥተናል፤ ነገር ግን በቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ያለው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ከዚህም በላይ ፎቶግራፍ የሠዓሊውን መስመርና የእርጥበቱን እድፍ ሳይለይ እኩል አድርጎ ያሳያል። የሚፈለገው መስመሩ ብቻ ነበርና በእጅ መገልበጥ ግድ ሆነ። በወረቀት ላይ ቢሆን በተሳሳቱ ቍጥር እንደገና መጀመር ስለሚያስፈልግ፣ ጓደኛዬ ከባሕር ዳር በሰው እጅ ያስመጣው አንድ አነስተኛ ግራፊክስ ታብሌት ስላለ በእርሱ ለመሥራት ተስማማን። እኔ በወረቀት ላይ በመጠኑ መሣል እችል ስለነበር በሁለት ቀን የምለምደው መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ የሠራሁት ፊት የሕፃን ልጅ ሥራ ይመስል ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በወረቀት ላይ የሚታዘዝ እጅ በታብሌት ላይ ስለ ምን እንደሚያምፅ፣ በምን ዓይነትም ልምምድ እንደሚመለስ ለተማሪ ጓደኞቼ ማስረዳት ነው። የሥዕሎቹን ታሪክና ትርጓሜ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ይጻፉት።

ግራፊክስ ታብሌት ማለት ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ የሚያያዝ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲሆን ከእርሱ ጋር አንድ ብዕር አለው። ብዕሩ ቀለም የለውም፤ በሰሌዳውም ላይ ምንም ምልክት አይተውም። በሰሌዳው ላይ የተደረገው እንቅስቃሴ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ዛሬ ስክሪኑና ሰሌዳው አንድ የሆኑባቸው ውድ ዓይነቶችም አሉ፤ እኔ የምናገረው ግን ተማሪ ሊያገኘው ስለሚችለው፣ ስክሪን ስለሌለው ዓይነት ነው።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። እ. ኤ. አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም ሲሠራ፣ ሠዓሊው የብርሃን ብዕር ይዞ በቀጥታ በስክሪኑ ላይ ያሰምር ነበር። እጅና ዐይን በአንድ ቦታ ነበሩ ማለት ነው። በሚከተለው ዓመት፣ በ1964፣ ራንድ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት የተሠራው ሰሌዳ ግን በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነበር። ስፋቱ 10 ኢንች በ10 ኢንች ያህል ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ለይቶ ያውቅ ነበር። እጅን ወደ ስክሪን አንሥቶ መዋል ክንድን ስለሚያደክም ሰሌዳው ከጠረጴዛ ላይ መዋሉ ትልቅ ምቾት ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዐይን ወደ አንድ ወገን፣ እጅ ወደ ሌላ ወገን ሆኑ። ተማሪውን የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ መለያየት የሚመጣ ነው።

አሠራሩን ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ዋኮም የተባለው ድርጅት እ. ኤ. አ. በ1983 በጃፓን ከተቋቋመ በኋላ ገመድም ባትሪም የሌለው ብዕር ሠራ። ብዕሩ ያለ ባትሪ እንዴት ሊሠራ ይችላል ቢባል፣ ነገሩ በበገና ይመሰላል። ሁለት በገናዎች በአንድ ቅኝት ቢቃኙና አንደኛው ቢደረደር፣ በአጠገቡ ያለው የሌላው አውታር ማንም ሳይነካው በጥቂቱ ይነዝራል። ከሰሌዳው ገጽ በታች በቁመትና በአግድም የተዘረጉ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሰሌዳው በእነርሱ አማካይነት ፈጣን የማግኔት ሞገድ ይልካል፤ በብዕሩ ውስጥ ያሉት የተጠቀለለ ሽቦና ካፓሲተር በዚያው ሞገድ የተቃኙ ስለሆኑ ይነዝራሉ። ሰሌዳው ወዲያው መላኩን አቁሞ ያዳምጣል። ማሚቶው ይበልጥ የተሰማባቸው ሽቦዎች ብዕሩ ያለበትን ቦታ ያመለክታሉ። ይህ መላክና ማዳመጥ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የብዕሩ ጫፍ ተጫን ሲባል ደግሞ ቅኝቱ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ከዚህም የግፊቱ መጠን ይታወቃል። አሁን ከሚሸጡት ብዙዎቹ የግፊቱን ልክ በ8192 ደረጃ ይከፍሉታል። ይህ ቍጥር ለገበያ ማስታወቂያ ያምራል እንጂ የሰው እጅ ይህን ያህል ደረጃ ለይቶ የሚጫን አይመስለኝም፤ በ2048 ደረጃ በሚሠራ አሮጌ ሰሌዳ ላይ ስሠራ ልዩነቱን አላወቅሁትም።

ብዕሩ ከማውስ የሚለይበትን ነገር ብዙ ጀማሪ አይገነዘበውም። ማውስ ቢነሣና በሌላ ቦታ ቢቀመጥ በስክሪኑ ላይ ያለው ጠቋሚ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ብዕሩ ግን እንደ ካርታ ነው፤ የሰሌዳው የላይኛው ግራ ማዕዘን የስክሪኑ የላይኛው ግራ ማዕዘን ነው፤ መካከሉም መካከሉ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውና ስክሪኑ የመልክ ልካቸው አንድ መሆን አለበት። የእኛ ሰሌዳ ወርዱ 16 ሲሆን ቁመቱ 10 በሆነ ልክ የተሠራ ነው፤ የላፕቶፑ ስክሪን ግን 16 በ9 ነው። ሁለቱ ሳይስተካከሉ ሲቀሩ፣ እጅ የሠራው ትክክለኛ ክብ በስክሪኑ ላይ ወደ ጎን 11 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ የቅዱሳን አክሊለ ብርሃኖች ሁሉ እንደ ተጋደመ እንቁላል ሆነውብኝ ጥፋቱን በእጄ ላይ አላክኬ ነበር። የከፋውም ነገር፣ ዐይን እንቁላሉን እያየ እጅን ሲያርም፣ እጅ የተጣመመ ክብ መሥራትን መልመዱ ነው። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በታብሌቱ ማስተካከያ ውስጥ ልኩን ጠብቅ የሚል ምርጫ አለ፤ እርሱ ሲመረጥ የሰሌዳው ግርጌ ጥቂት ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል፤ ክቡ ግን ክብ ይሆናል። ታብሌታቸውን ከስልክ ጋር አያይዘው የሚሠሩ ተማሪዎችም ስልኩን ሲያቆሙት ከሰሌዳው ጠባብ ክፍል ብቻ ቢሠራላቸው ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ተበላሽቷል ብለው መመለስ የለባቸውም።

ልኩ ከተስተካከለም በኋላ ችግሩ አለ። መስመር ለመሳብ ባሰብሁ ጊዜ ዐይኔ ሳላዝዘው ወደ እጄ ይወርዳል፤ በእጄ ሥር ግን ምንም የለም። ዐይኔን ወደ ስክሪኑ ስመልስ ደግሞ እጄ የት እንዳለ ይጠፋኛል። ሁለት መስመሮችን በአንድ ነጥብ ለማገናኘት፣ ለምሳሌ ቅንድብን ከአፍንጫ ጋር ለማያያዝ፣ አምስትና ስድስት ጊዜ እሞክር ነበር።

ይህ የዐይንና የእጅ መለያየት በሌላ መልኩ ከብዙ ዘመን በፊት ተጠንቷል። ጆርጅ ስትራተን የተባለው የአሜሪካ ሊቅ እ. ኤ. አ. በ1897 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነገርን ሁሉ ገልብጦ የሚያሳይ መነጽር ለስምንት ቀን አድርጎ የደረሰበትን ተርኳል። በመጀመሪያ እጁን ወደ ላይ ሊዘረጋ አስቦ ወደ ታች ይዘረጋ ነበር፤ ቀኖች ካለፉ በኋላ ግን ሳያስብ መራመድና ዕቃ ማንሣት ቻለ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው በካናዳ ትሠራ የነበረችው ብሬንዳ ሚልነር እ. ኤ. አ. በ1962 ያወጣችው ነው። ኤች. ኤም. ተብሎ የሚጠራው ሕመምተኛ በ1953 ከተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወዲህ አዲስ ነገር ማስታወስ አይችልም ነበር። ሚልነር በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ በሁለት መስመሮች መካከል የኮከብ ቅርጽ እንዲሥል አደረገችው። ለሦስት ቀን ሠራ፤ ስሕተቱም ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ፤ እርሱ ግን በየጊዜው ሥራውን ከዚህ በፊት ፈጽሞ አላየሁም ይል ነበር።

ከዚህ እንደምንረዳው እጅ የሚማረው ትምህርት ልብ ከሚይዘው ትምህርት የተለየ ነው። ስለዚህ በአሳብ ተረድቼዋለሁ ማለት ብዙ አይረዳም፤ እጅ ራሱ መመላለስ አለበት። በእኔ ላይ እንዳየሁትም በእሑድ ቀን አራት ሰዓት ሙሉ ከመሥራት ይልቅ በየማታው ግማሽ ሰዓት መሥራት በግልጽ ይበልጣል። ማታ አልሆን ያለኝ መስመር ተኝቼ ስነሣ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። መልመጃውም ሥዕል አልነበረም። በስክሪኑ ላይ ሁለት ነጥቦች አድርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ መስመር መሳብ፤ ክብ መሥራትና በዚያው ላይ ደጋግሞ መዞር፤ ወፍራም ጀምሮ ቀጭን መጨረስ፤ ይህ ብቻ ነው። አሰልቺ ነው። በግምት በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ዐይኔ ወደ እጄ መውረዱን እንደ ተወ አስተዋልሁ፤ መቼ እንደ ተወ ግን አላውቅም።

በዚህ መካከል አንድ ያለ ቦታው የገባ ብልሃት ብዙ ቀን አባክኖብኛል። የአገራችን ጸሐፊዎች ብራናውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው በመቃ ብዕር እንደሚጽፉ አይቻለሁ። እኔም ታብሌቱን በጉልበቴ ላይ ባደርገው እንደ እነርሱ ይቀናኛል ብዬ ገመትሁ። ቀጥ ያለ አግድም መስመር ለመሳብ ስሞክር መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይወጣል። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጸሐፊው ብራናው በጉልበቱ ላይ ቢዞር ዐይኑ ከዚያው ላይ ስለሆነ እጁን ከብራናው ጋር ያዞራል፤ ብራናውም በወስፌ የተሰመረ ነው። ታብሌት ግን በጉልበት ላይ ጥቂት ሲዞር ስክሪኑ አብሮት አይዞርም፤ ሠዓሊውም ዐይኑ ከሌላ ቦታ ስላለ አያውቀውም። ሰሌዳውን በጠረጴዛ ላይ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት አስተካክዬ ካስቀመጥሁትና ማዕዘኑን በኖራ ምልክት ካደረግሁበት ጊዜ ጀምሮ መስመሩ ተቃና።

ከብራና ሥራ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። የታብሌቱ ገጽ ልሙጥ ስለሆነ የብዕሩ ጫፍ እንደ በረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ ብራና ግን ብዕርን ይይዛል፤ እንዲያውም የጠጕሩ ወገንና የሥጋው ወገን አያያዛቸው የተለያየ ነው ይባላል። እኔም አንድ ተራ ወረቀት በሰሌዳው ላይ ለጠፍሁበት። የማግኔት ሞገድ በወረቀት ስለማይከለከል ብዕሩ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ መስመሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ እምነት የሚጣልበት ሆነ። ጕዳቱ የብዕሩ ጫፍ ቶሎ ማለቁ ነው፤ መለወጫው ደግሞ በእኛ አካባቢ አይገኝም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ለስላሳ እንዲሆን እመክራለሁ።

አሁን ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ልናገር። የሰሌዳችን መሥሪያ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የስክሪኑ ወርድ 34 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ የእጅ አንድ ሴንቲ ሜትር በስክሪኑ ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ከሩብ በላይ ሆኖ ይታያል፤ የእጅ መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ይገዝፋል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ይፈራና በቀስታ ይስባል፤ በቀስታ በሳበ ቍጥር መንቀጥቀጡ ይብሳል። ብዙዎቹ የሥዕል ፕሮግራሞች፣ እኛ የምንሠራበት ክሪታም ጭምር፣ መስመር ማረጋጊያ አላቸው። ክሪታ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ማረጋጊያው የብዕሩን ያለፉ ቦታዎች አማካይ ስለሚወስድ መስመሩ ከብዕሩ ኋላ እየተጎተተ ይመጣል፤ መንቀጥቀጡም ይሰወራል። ለሥራ ጠቃሚ ነው፤ ለተማሪ ግን በትንሹ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ሲበዛ የሁሉም ሰው መስመር አንድ ዓይነት የቅባት መስመር ይሆናል።

የተሻለውን መፍትሔ ያገኘሁት ከኮምፒዩተር ሰዎች አይደለም። ልምምዱን የጀመርሁት በ2016 ዓ. ም. ነው፤ በክልላችን ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ። በሌላ አገር ያለ ተማሪ በቪዲዮ የሚያገኘውን ትምህርት እኛ ልናገኘው አልቻልንም። ይልቁንም በዚያው አጥቢያ የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ከመምህራቸው ጋር እየዞሩ አብያተ ክርስቲያናትን የሣሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ፤ ሥራችንን ሊያዩ መጥተው ከኋላዬ ቆመው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ በጣትህ አትቆንጥረው፤ ክንድህን ከትከሻህ አንሣው፤ መድረሻውን እይና ልቀቀው» አሉኝ። ለግድግዳ ሥዕል የተለመደ ነገር ነው፤ ሁለት ክንድ የሚያህል የልብስ ዘርፍ በጣት አይሣልም። ለአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ይሠራል ብዬ ግን አልገመትሁም ነበር። ሞከርሁት። በጣት የሚሠራ መስመር አጭርና የተቀጣጠለ ነው፤ በክንድ የሚሠራው በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ለዚህም ሲባል ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ አብዝቶ ማጉላት አይገባም፤ ጀማሪ ሁሉ አንዲት ዐይንን ስክሪኑን እስክትሞላ አጉልቶ ይሥልና በኋላ ሲያሳንሰው ዐይኗ ከፊቱ ጋር አትስማማም።

መሪጌታ የተቃወሙት ሌላው ነገር ኮንትሮል ዜድ ነው። ስሙን አያውቁትም፤ መስመሩ ሲጠፋና ሲመለስ ግን አይተዋል። እኔ አንዱን መስመር ስቤ አጠፋለሁ፣ ስቤ አጠፋለሁ። «ስንት ጊዜ ነው የምትሠራው?» አሉኝ። አልቆጠርሁትም ብዬ መለስሁ። እሳቸው በመጀመሪያ ከሰል ይዘው ያሰምሩ እንደ ነበር፣ ከቀለሙ በኋላ በጥቁር የሚሳበው የመጨረሻ መስመር ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ በልምምድ ሰዓት ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ የተሳሳተው መስመር አይጠፋም፤ በአጠገቡ ሌላ ይሳባል እንጂ። ስሕተቶቹ ተሰልፈው ሲታዩ እጅ ወዴት እንደሚያዘነብል ይገለጣል፤ የእኔ ወደ ታች ያዘነብል ነበር። በሚጠፋ መስመር ይህን ማወቅ አይቻልም። በሥራ ጊዜ ግን ኮንትሮል ዜድን እጠቀምበታለሁ፤ አልዋሽም።

ፎቶግራፉን ከሥር አድርጎ በላዩ ላይ ስለ መገልበጥም እንዲሁ መናገር ያሻል። ፕሮግራሙ ሌየር የሚባሉ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፉ ንጣፎች አሉት። ፎቶግራፉ ከሥር ይደረግና ይደበዝዛል፤ በላይኛው ንጣፍ ላይ መስመሩ ይከተላል። ሥራው ፈጥኖ ይሄዳል፤ እጅ ግን ምንም አይማርም፤ ዐይን የሚያየው ሥዕሉን ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን ነጥብ ብቻ ነውና። ደግሞም ቀለሙ በረገፈበት ቦታ መስመሩ ይቋረጣል፤ ገልባጩም የሚያደርገውን ያጣል። በአንደኛው ሥዕል ላይ ፊቱ ግማሹ የረገፈ አንድ ወታደር ነበር። እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንሁና የሥዕሉን ሥርዓት ስለማላውቅ ሁለት ዐይን አድርጌ ሞላሁት። መሪጌታ አይተው ሣቁ፤ «ይኼማ ጻድቅ አደረግኸው» አሉ። በልማዱ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ፎቶግራፉ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ስለዚህ መንገዱን ለወጥነው። ፎቶግራፉ በስክሪኑ ግራ በኩል ይቀመጣል፤ እኔ በቀኝ በኩል በባዶው ገጽ ላይ እያየሁ እሥላለሁ፤ ከጨረስሁ በኋላ ብቻ በላዩ ላይ አድርጌ ልዩነቱን አስተያያለሁ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎችም ከሩቅ የመጣ ሥዕል ሲያዩ በዐይን ገልብጠው የራሳቸው አድርገውታል። እ. ኤ. አ. በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሠራቸው የእንጨት ማኅተም ሥዕሎች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ለብራና መጻሕፍት ምሳሌ ሆነው አገልግለዋል። የተገለበጡት ግን እንዳሉ አልነበረም፤ የፈረንጁ ጥላና ጭረት ቀርቶ ጥቅጥቅ ቀለምና ጥቁር መስመር ተተካ። ያ እጅ ቀድሞ የራሱን መስመር ያወቀ ስለ ነበር ባዕዱን ሥዕል ወደ ራሱ መለሰው። ዛሬ በታብሌት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሥዕሎች በርክተዋል፤ በ2018 እ. ኤ. አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት አንዱ ነው።

ስለ መብራት አንድ ቃል ብቻ። ላፕቶፓችን ባትሪው የሞተ ስለሆነ የሚሠራው ከመብራት ጋር እንደ ተያያዘ ነው። አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ የሦስት ማታ ሥራ አብሮ ጠፋ። ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል፤ እኔ ግን ኮምፒዩተሩ እንዳይዘገይ ብዬ ያንን ዘግቼው ነበር። እንግዲህ በየሩብ ሰዓቱ ኮንትሮል ኤስ መጫንና በየማታው በፍላሽ መገልበጥ ከመልመጃዎቹ እንደ አንዱ ይቈጠር።

ዋናው ጥያቄ ግን አልተመለሰም ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሣለ እጅ ታብሌት ሲይዝ እንደ እኔ ይቸገራል ወይስ አይቸገርም? መሪጌታን ለመንኋቸው። ብዕሩን ይዘው ሰሌዳውን ትኩር ብለው እያዩ ረዥም መስመር ሳቡ፤ በስክሪኑ ላይ የታየው መስመር ከገጹ ወጥቶ ሄዷል። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ዐይናቸው ወደ እጃቸው ወረደ። ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ እኔም ዳግመኛ የሚመጡ አልመሰለኝም። በማግሥቱ ማታ መጡ፤ በሦስተኛውም ማታ እንዲሁ። በአምስተኛው ማታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ የፈረስ አንገት ከጆሮው እስከ ደረቱ በአንድ መስመር አወረዱ። እኔ በሦስት ሳምንት ካገኘሁት የእጅ ልማድ ያነሰ ነበራቸው፤ ሁለት ጊዜ ጫፉ አልገናኝ ብሏቸዋል፤ ነገር ግን መስመሩ የፈረስ አንገት ነበር። የእኔ ፈረሶች ጫፋቸው ይገናኛል፤ አንገታቸው ግን እስከ ዛሬ የበቅሎ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለቱን ትምህርቶች ለይቶ ማየት እንደሚገባ አምናለሁ። ዐይንን ከእጅ መለየት ለሁሉም አዲስ ነው፤ አዋቂም ጀማሪም እኩል ይጀምሩታል፤ የሚያልፈውም በቀኖች ወይም በሳምንታት ነው። መስመር ማወቅ ግን ታብሌቱ የማያስተምረው ነገር ነው፤ ያለው ሰው ይዞት ይገባል፤ የሌለው በወረቀትም በግድግዳም ሊፈልገው ይችላል። ታብሌት ገዝቼ አልሆነልኝም የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ያልሆነው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይመርምር። በወረቀት ላይ ያንኑ ሥዕል ቢሞክረው ወዲያው ይታወቃል።

የቀረን ችግር የመጠን ነው። ሽማግሌዎቹ አዲሱ ሠዓሊ እንዲያየው መስመሩ በጨርቁ ትክክለኛ ልክ ታትሞ እንዲሰጣቸው ፈለጉ። አንደኛው ጨርቅ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነው። በክሪታ የሚሠራው ሥዕል ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ፣ በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ብቻ ቢደረግለት እንኳ ከ104 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ቢይዝ አንዱ ሌየር ብቻ 400 ሜጋ ባይት ይሻገራል። ኮምፒዩተራችን ይህን ሲሸከም ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ መስመሮቹን እንደገና ኢንክስኬፕ በተባለው፣ እርሱም በነፃ በሚገኘው ፕሮግራም እየሠራናቸው ነው። በዚህኛው መስመሩ በነጥብ ሳይሆን በመነሻው፣ በመድረሻውና በጕብጠቱ ልክ ስለሚቀመጥ ወደ ማናቸውም መጠን ሊሰፋ ይችላል፤ ፋይሉም ትንሽ ነው። የሚጎድለው ግፊቱ የሚሰጠው ውፍረትና ቅጥነት ነው፤ ይህን በእጅ እየጨመርን ነው፤ ሥራውን ያዘገየውም ይኸው ነው።

ከዘጠኙ ሥዕሎች ሰባቱ አልቀዋል። ከቀሩት ከሁለቱ አንደኛው ጣራው ባፈሰሰበት ወገን ያለው ነው፤ ከፈረሱ ጉልበት በታች ጨርቁ ባዶ ሆኗል። መሪጌታ እርሱን በቃላቸው ሊሥሉልን ከጥምቀት በኋላ ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ሰሌዳው በጠረጴዛ ላይ እንዲቆይላቸው፣ ወረቀቱም እንዲለወጥ አዝዘዋል።